ያድጉበታል

ሕፃን ልጅ ልብስ በልኩ ለብሶ ካያችሁ፣ ወይ ልብሱ ከታላቁ የወረደ ነው፣ ወይ የተገዛው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። አዲስ ከሆነማ እጅጌው ሁለት ጊዜ ይታጠፋል፤ ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ይጠቀለላል፤ ጫማው ጫፉ ላይ ወረቀት ይጠቀጠቅበታል። ሻጩ «አይሰፋውም ወይ?» ብሎ አይጠይቅም፤ እናትም ምክንያት አትደረድርም። ሁለቱም የተማመኑበት አንድ መልስ አለ፤ «ያድግበታል።»

ያድግበታል ነገን በዛሬ ዋጋ የመግዛት ጥበብ ነው። አንድ እንከን ብቻ አለበት፤ ልጁ እስኪያድግበት ድረስ ልብሱ ያረጅበታል። ይህን የሚያነሳ ሰው ግን «የዛሬን ዋጋ አየኸው?» ተብሎ ዝም ይላል።

ልጅ ላይ ይህ ልማድ የከፋ ጉዳት የለውም። ቢበዛ ሲሮጥ ተጠላልፎ ይወድቃል፤ ተነስቶ ይሮጣል። እኔን የሚያናድደኝ ነገሩ ከልጅ አልፎ ንብ ላይ መድረሱ ነው።

ማር ከተወደደ ወዲህ ትንሽ ጓሮ ያለው ሁሉ አናቢ መሆን ያምረዋል። መጀመሪያ የሚገዛው ንብ አይደለም፤ ቀፎ ነው። ቀፎውም ባለ አሥር ፍሬም፣ ባለ ፎቅ፣ ቢጫ ቀለም የተቀባ መሆን አለበት። ከዚያ ጭብጥ የማትሞላ ንብ ያገኝና እዚያ አዳራሽ ውስጥ ይገለብጣል። «ትንሽ አልበዛባቸውም?» ስትሉት መልሱን ታውቁታላችሁ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አዳራሹ ባዶ ነው። ሰውየው ታዲያ ቀፎውን አይጠረጥርም። አንዱ «የሰው ዓይን ነው» ይላል፤ ሌላው «ጎረቤቴ ቲማቲሙ ላይ መድኃኒት ረጭቶ ነው» ይላል፤ ሦስተኛው «የዘንድሮ ንብ ውለታ አያውቅም» ብሎ ይደመድማል።

ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ «ቲቸር» ይላቸዋል፤ ባለቤታቸው ሳይቀሩ። ግቢያቸው ከእንጦጦ ግርጌ ነው፤ ቀና ሲሉ ባሕር ዛፍ፣ ጎንበስ ሲሉ ጎመን። ከሰው መተላለፊያ ራቅ ብሎ፣ ከኋለኛው አጥር ሥር፣ ቀፎዎቻቸው በቁመት ተሰልፈዋል። ትልልቆቹ ከኋላ፣ ትንንሾቹ ከፊት፤ ሰልፍ ማሰለፍ የለመደ ሰው ጡረታ ቢወጣም አይተውም።

አጎቴ ደግሞ ከእንጅባራ ወዲያ፣ የቀርከሃ አገር ሰው ናቸው። ንቡን ከአባታቸው፣ አባታቸውም ከአባታቸው የተረከቡት ነው። ቀፏቸው ከተፈለጠ ቀርከሃ የተሸረበ፣ በእበት የተለሰነ፣ ረጅም ድብልብል ነው። ለዓይናቸው ሕክምና አዲስ አበባ መጥተው ሐኪም ቤት ከመሄዳቸው በፊት ማየት የፈለጉት የቲቸርን ንቦች ነበር።

ይዣቸው ሄድኩ። ትልልቆቹን ቀፎዎች በአክብሮት አለፏቸው። ከፊት ያለችው ትንሿ ሳጥን ዘንድ ሲደርሱ ግን ቆሙ።

«መምህር፣ ይህቺ ምንድን ናት? የዶሮ ቤት እንዳልላት ዶሮ አታስገባም።»

«የሙሽራ ቤት ናት፣ ጋሼ።»

«የማን ሙሽራ?»

«የአውራዋ። ድንግል ንግሥት እዚህ ውስጥ ተቀምጣ ትዳራለች።»

አጎቴ ሳጥኗን በከዘራቸው ጫፍ ቀስ ብለው ነኩ። «አገር የምትወልድ አውራ በዚህች ሙዳይ ትዳር?» አሉ። «እንደ እኔ እንደ እኔ ሰፊው ቤት ይሰጣት። ታድግበታለች።»

ቲቸር ይህን ቃል ከእሳቸው ባይጠብቁም ከሌላው ሰው ሲሰሙት ኖረዋል። መነጽራቸውን አስተካከሉ። እኔም ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ከዚያ እንደማንወጣ ገባኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ንግሥት ንብ ቤቷ ውስጥ አትዳርም። ሠርጓ ሰማይ ላይ ነው። እንቁላሏ ከተጣለ በ16ኛው ቀን፣ ቁልቁል ከተንጠለጠለው የንግሥት ቤቷ ሽፋኑን ቆርጣ ትወጣለች። ሠራተኛዋ ንብ 21 ቀን፣ ድንጉላው 24 ቀን ሲፈጅባቸው እሷ ትፈጥናለች፤ መፍጠንም አለባት፤ ቀድማ የወጣችው ገና ያልወጡትን እህቶቿን ቤታቸው ድረስ ሄዳ የምትገድልበት ቤተ መንግሥት ነው።

ከሳምንት ግድም በኋላ፣ ፀሐይ ባለበት ነፋስ በሌለበት ከሰዓት በኋላ፣ ትወጣለች። ድንጉላዎች ከየቀፎው መጥተው የሚጠባበቁበት የታወቀ የአየር ሜዳ አለ። እዚያ ከደርዘን በላይ ከሚሆኑ ወንዶች ጋር እየበረረች ትገናኛለች። እያንዳንዱ ሙሽራ ድርሻውን እንደተወጣ እዚያው ሞቶ ይወድቃል። እሷ አንድ ወይም ጥቂት ጊዜ እንዲህ ወጥታ ትመለስና፣ በሆዷ ያከማቸችውን ዘር ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠቀምበት ትኖራለች። መንጋ ይዛ ካልወጣች በቀር ሁለተኛ ሰማይ አታይም።

«ድንጉላው አባት የለውም ታውቃለህ?» አሉኝ ቲቸር ወደ እኔ ዞር ብለው፤ መምህር ናቸውና ተማሪ ካላዩ አያርፉም። «ካልዳበረ እንቁላል ነው የሚወለደው። ዥየርዞን የሚባል ቄስ ነው በ1845 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ይህን የተናገረው። አባት የለውም፤ አያት ግን አለው።»

«ታዲያ በማን ስም ይጠራል?» አሉ አጎቴ።

«በአያቱ ነዋ!»

አጎቴ ትንሽ አሰቡና «እሱስ ደህና ነው፤ ብዙ ሰው በአያቱ ስም ነው ሥራ የያዘው» አሉ።

እንግዲህ ሠርጉ ሰማይ ላይ ከሆነ ትንሿ ሳጥን ለምንድን ናት? መጠበቂያ ናት። ንግሥቲቱን የሚቀልቡና የሚያሞቁ ጥቂት ሠራተኞች፣ ትንሽ ማር፣ እንቁላል የምትጥልበት ትንሽ የማር እንጀራ፤ ይህ ይበቃል። ከሰማይ ተመልሳ እንቁላል መጣል ስትጀምር አናቢው አጣጣሏን ያያል። በየጉድጓዱ አንድ አንድ፣ ሳትዘል ከጣለች አልፋለች። ካዘበራረቀች ወድቃለች። ቲቸር ይህቺን ሳጥን የሚወዷት ለዚህ ይመስለኛል፤ የፈተና ክፍል ናት።

እዚህ ላይ ነው የአናቢዎች ጠብ የሚጀምረው። ሁለት አናቢ በሃይማኖት ቢለያይ ይቻቻላል፤ በሳጥን ልክ ከተለያየ ግን ቡናውን ጥሎ ይነሳል።

አንደኛው ወገን «በጣም ትንሽ ይሁን» ባይ ነው። ቲቸር ልጃቸው ከአውሮፓ በሻንጣ ያመጣላቸው፣ አፒዲያ የምትባል፣ ከፎም የተሠራች ሚጢጢ ቀፎ አለቻቸው። አንድ ኩባያ ንብ ይሞላታል። ፍሬሞቿ የእጅ መዳፍ የሚያህሉ ናቸው። ብዙ ንግሥት ለሚያራባ ሰው ይህ ሀብት ነው፤ አንዱን ትልቅ ህብረ ንብ ከፋፍሎ ብዙ ሙሽሮች ማስቀመጥ ይችላል። አንዷ ብትወድቅም የከሰረው አንድ ኩባያ ንብ ነው።

ነገር ግን ሚጢጢዋ ቀፎ እንደ ሕፃን ናት፤ ዓይን ከላይዋ ላይ አይነሳም። ስኳር ሽሮፕ ወይም ድርቅ ያለ የስኳር ሊጥ ካላቀረቡላት ትራባለች። ትልልቆቹ ቀፎዎች ደካማነቷን ካወቁ ይዘርፏታል። ጉንዳን ከመጣማ አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሲሳካላት ነው። የተዳረች ንግሥት በደህናው ወቅት በቀን ከ1,000 በላይ እንቁላል መጣል የምትችል ፍጥረት ናት። መዳፍ የምታህለውን እንጀራ በጥቂት ቀን ሞልታ ትጨርስና ዙሪያዋን ታያለች። ቦታ የለም። አናቢው ዘግይቶ ሲመጣ ንግሥትም ሠራተኛም ቤቱን ጥለው ሄደዋል።

የእኛ ንብ ደግሞ በዚህ አይታማም፤ ጥሎ መሄድ ያውቅበታል። ምሁራን በዘሩ ቆጠራ ገና አልተስማሙም፤ በ2004 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የታተመ ጥናት አምስት ዓይነት ነው አለ፤ በ2011 ደግሞ ሌሎች መጥተው የኢትዮጵያን ደጋ ንብ በሰሜን ተራራ ስም «ሲሜንሲስ» ብለው ለብቻው ሰየሙት። የአፍሪካ ንብ ካልተመቸው ከአውሮፓው ንብ ይልቅ ቶሎ እንደሚኮበልል ግን ሁሉም ይስማማሉ። ስም ሳያወጡለትም ኮብላይ ነበር፤ ስም ወጥቶለትም ይኮበልላል።

ሁለተኛው ወገን «መጀመሪያውኑ ትልቅ ይሁን» ይላል። ይህ የአጎቴ ወገን ነው፤ ቢያንስ ያን ቀን ጠዋት የነበሩበት። ትልቅ ቀፎ ቦታ አለው፤ ማዛወር የለም፤ መመላለስ የለም።

«ጋሼ፣ ንብ ልጆቿን ስንት ዲግሪ ላይ እንደምታሳድግ ያውቃሉ?» አሉ ቲቸር።

«ሙቅ ነው።»

«34፣ 35 ዲግሪ። የእኛ ሰፈር ኅዳር ሌሊት ስንት እንደሚሆን ደግሞ ትላንት ማታ አይተውታል።»

አጎቴ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የኅዳር ሌሊት ማስረጃ አይፈልግም።

ንብ ምድጃ የላትም። ክንፏን ሳታንቀሳቅስ የበረራ ጡንቻዋን እያንቀጠቀጠች ነው ቤቷን የምታሞቀው። ነዳጁ ማር ነው። ጭብጥ የማትሞላ ንብ አሥር ፍሬም አዳራሽ ውስጥ ስትገባ፣ ማሩን የምታነደው ልጆቿን ለማሳደግ ሳይሆን ባዶ ግድግዳ ለማሞቅ ይሆናል። የማትደርስበትን እንጀራ ሰም የሚበላው ብል ይወርሰዋል። የማትጠብቀውን በር ጉንዳን ይገባበታል። እንግዲህ «ያድጉበታል» ያለው ሰው ያሳደገው ብልና ጉንዳን ነው።

እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር ይባላል። ይህን ተረት የፈጠረው ሰው አናቢ ሳይሆን አይቀርም።

የቲቸር ባለቤት ረከቦቱን እያስተካከሉ የተባለውን ሁሉ ሰምተው ነበር። «ቲቸር እኔን ሲያገቡ ስለ ቤት ስፋት እንዲህ አልተጨነቁም» አሉ። ቲቸር ሳል መጣባቸው።

ለመሆኑ ንቦቹ ራሳቸው ምን ይላሉ? ጠይቀዋቸው ያወቁ ሰዎች አሉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፍርስራሿ ባልተነሳው ሙኒክ ከተማ ውስጥ ማርቲን ሊንዳወር የሚባል ተመራማሪ አንድ ነገር አየ። ዛፍ ላይ ያረፈ የንብ መንጋ ላይ የሚጨፍሩ ንቦች ነበሩ፤ አቧራ የለበሱ፣ ጥላሸት የተቀቡ። እነዚህ አበባ ሲቀስሙ የዋሉ አልነበሩም። በጭስ ማውጫና በጡብ ፍርስራሽ ውስጥ ቤት ሲፈልጉ የዋሉ ቃኚዎች ነበሩ። ያገኙትን ቤት አቅጣጫና ርቀት በጭፈራ ለወገናቸው እየተናገሩ ነበር።

ከእሱ በኋላ ቶማስ ሲሊ የሚባለው አሜሪካዊ መጣና የቤቱን ልክ አጠና። ለመንጋው የተለያየ ስፋት ያላቸው ሳጥኖች አቀረበ። 10 ሊትሩን ናቁት፤ 100 ሊትሩንም ናቁት፤ 40 ሊትር ገደማ የሆነውን መረጡ። በሩ ደግሞ ጠባብ እንዲሆን ይፈልጋሉ። ይህ የአውሮፓ ዘር ንብ ምርጫ ነው፤ የአፍሪካ ንብ ከዚያ ባነሰም ይረካል።

እንዴት ለኩት? ቃኚዋ ጨለማው ውስጥ ገብታ ግድግዳውን እየዞረች ትራመደዋለች። ሲሊ ይህን ለማረጋገጥ ድብልብል ሳጥን ሠርቶ፣ ንቧ ውስጥ ስትራመድ ግድግዳውን አዞረባት። ብዙ የተራመደች የመሰላት ንብ ቤቱን ሰፊ ነው ብላ ገመተች፤ ጥቂት የተራመደችው ጠባብ ነው አለች። አንድ ክፍል ቤት በሁለት ክፍል ዋጋ የሚያከራይ ደላላ አዲስ አበባ ውስጥ ሞልቷል፤ ግድግዳውን እያዞረ ያሳየ ግን እስካሁን አልሰማሁም።

አጎቴ ይህን ሁሉ ሰምተው «40 ሊትር ስንት ነው?» አሉ።

ቲቸር የጠበቁት ጥያቄ ይህ ነበር። «የእርስዎ ቀፎ ልኩ ስንት ነው?»

«እኛ ሊትር አናውቅም። ርዝመቱ ሁለት ክንድ፣ አፉ ስንዝር።»

ቲቸር ሜትር አመጡ። የአጎቴን ክንድ ከክርናቸው እስከ ጣታቸው ጫፍ ለኩ፤ 50 ሳንቲ ሜትር። ስንዝራቸውን ዘርግተው ለኩ፤ 23 ሳንቲ ሜትር። የሲኒ ማስቀመጫው ላይ ወረቀት ዘርግተው ስሌት ገቡ። ራዲየስ በራዲየስ፣ በፓይ፣ በቁመት። ባለቤታቸው ሲኒዎቹን አሸሹ።

«41 ሊትር ተኩል» አሉ በመጨረሻ፤ ድምፃቸው ትንሽ ዝቅ ብሎ።

ከዚያ ባለ አሥር ፍሬሙን የላንግስትሮዝ ቀፎ አንዱን ክፍል ለኩ። እሱም 42 ሊትር ገደማ ሆነ። ላንግስትሮዝ የፕሮቴስታንት ቄስ ነው፤ በ1851 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በንብ ቤት ውስጥ ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር የሆነ ክፍተት ከተተወ ንቦች በሰም እንደማይደፍኑት ያስተዋለ ሰው። ከዚያ ወዲያ ነው ፍሬም እንደ መጽሐፍ እየተሳበ የሚወጣበት ዘመናዊ ቀፎ የመጣው። የእሱ ሳጥንና የአጎቴ አያት ቀርከሃ በግማሽ ሊትር ብቻ ተለያዩ።

አጎቴ አልተደነቁም። «ያባቴም ክንድ ይሄን ያህል ነበር» አሉ።

ቲቸር ግን ዝም ብለው የሚሸነፉ ሰው አይደሉም። «ጋሼ፣ 40 ሊትሩ ለመንጋ ነው። መንጋ ማለት አሥር ሺህ፣ ከዚያም በላይ ሆኖ የወጣ ቤተሰብ ነው። ሙሽራዋ ግን መንጋ የላትም። አንድ ኩባያ ንብና አንድ ኩባያ ተስፋ ነው ያላት። ስለዚህ መሐከለኛው ይሻላል።»

መሐከለኛው የቲቸር ሃይማኖት ነው። ሳጥኗ ትንሽ ናት፤ ሦስት ፍሬም ብቻ ትይዛለች። ፍሬሞቿ ግን ከትልቁ ቀፎ ፍሬም ጋር አንድ ልክ ናቸው። ምስጢሩ ይኸው ነው። ሙሽሬ፣ ማለትም ሊፈለፈል የደረሰ የንብ ልጅ፣ ያለበትን አንድ ፍሬም ከጠንካራ ቀፎ ያወጡና እላዩ ላይ ካሉት ንቦች ጋር ይሰጧታል፤ ሁለተኛው ማርና የአበባ ዱቄት ያለበት ነው፤ ሦስተኛው ባዶ እንጀራ ነው፤ እንቁላል መጣያዋ። ሙሽሬዎቹ በጥቂት ቀን ውስጥ ሞግዚት ሆነው ይፈለፈላሉ።

ይህን ማድረግ ግድ ነው፤ ስሌቱ ቀላል ስለሆነ ቲቸር ሦስት ጊዜ ደገሙልን። ንግሥቲቱ ከተፈለፈለች በኋላ እስክትዳርና እንቁላል እስክትጥል ሁለት ሳምንት ግድም ይሄዳል። የጣለችው እንቁላል ሠራተኛ ንብ እስኪሆን ሌላ 21 ቀን አለ። በሥራ ወቅት የሠራተኛ ንብ ዕድሜ ስድስት ሳምንት ገደማ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ልጆቿ ሲወጡ ሙሽራዋን ያጀቧት ሚዜዎች ሁሉ አርጅተው እያለቁ ነው። ከሌላ ቤት ሙሽሬ ካልተሰጣት ቤቷን ሰው ሳይገባበት ትዘጋዋለች።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንላለን። በንብ ቤት በእግሩ ብቻ ሳይሆን በክንፉም ይሄዳል፤ ጊዜውን የሚጠብቅለት ሰው ካገኘ።

ሦስቱ ፍሬም በንብ ሲሸፈን ወደ አምስት ፍሬም ሳጥን ይዛወራሉ። አምስቱ ሲሞላ ወደ አሥሩ። አሥሩ ሲሞላ ከላይ የማር ክፍል ይደረባል። ፍሬሙ አንድ ልክ ስለሆነ ማዛወሩ መሳብና ማስገባት ነው። ቤቱ ይለወጣል እንጂ ጓዙ አይፈርስም። ቲቸር ይህን የሚያደርጉት ሲመሽ ነው፤ የእኛ ንብ በቀን ብርሃን ጓዙ ሲነካ ሰፈሩን ሁሉ ይጠራል። ንግሥት ማራባት የሚጀምሩትም ከመስቀል በኋላ ነው። በክረምት ሰማዩ ራሱ ለሠርግ አይከፈትም፤ ከመስቀል ወዲያ ግን አደይ አበባው ያብባል፣ ከሰዓት በኋላው ይጠራል፣ ድንጉላዎቹም ቤት ውስጥ በዝተው ሥራ ይፈታሉ።

«ጥሩ ነው» አሉ አጎቴ። «ታዲያ ያ ጥግ ላይ የተጣለው ሳጥን ምን ሆኖ ነው?»

ቲቸር ወደዚያ ጥግ ማየት አይወዱም። ሳጥኑን የሠራው የሰፈሩ አናጢ ነው። ከቲቸር ቀፎዎች ግማሹ ላንግስትሮዝ፣ ግማሹ ዛንደር የሚባል ሌላ ዓይነት ነው። የላንግስትሮዝ ፍሬም 448 በ232 ሚሊ ሜትር ነው፤ የዛንደሩ 420 በ220። ልዩነቱ ከሁለት ጣት አይበልጥም። ግን በዚያ ሁለት ጣት ምክንያት ሁለቱ ጎረቤታሞች እንጀራ መበዳደር አይችሉም። አናጢው ይህን ሲሰማ ሁለቱን ለማስታረቅ ብሎ መሐከለኛ ልክ አወጣና ሠራ። የአንዱ ፍሬም ይወድቅበታል፤ የሌላውን አያስገባም። ሽማግሌነቱ ደህና ነበር፤ ግን ማንንም አላስታረቀም።

ስለ ዋጋውም ቲቸር ተከራክረውት ነበር። «ትንሽ ሳጥን በትልቅ ሳጥን ዋጋ?» ቢሉት፣ «ቲቸር፣ ትንሽ ሳጥንም ማዕዘኑ አራት ነው። ክዳን አለው፣ ወለል አለው፣ በር አለው። የቀነሰው እንጨት ነው፤ የኔ ጉልበት አልቀነሰም» አላቸው። የሒሳብ መምህር ሆነው መልስ አጡ። በየአገሩ ንግሥት የሚያራቡ ሰዎች ይህን ያውቁታል፤ ትንንሽ ሳጥን ማብዛት ትንሽ ወጪ አይደለም። ሙሽራዋ ወጥታ ከሄደች በኋላ ሳጥኗ የቀረውን ዓመት ሜዳ ላይ ሥራ ፈታ ትቀመጣለች።

አጎቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ሦስተኛው ተቀዳ። ከዚያ እንዲህ አሉ፤

«እኛ ደግሞ እንዲህ እናደርጋለን። መንጋው ትንሽ የሆነ እንደሆን፣ የቀፎውን የኋላ ክዳን ከውጭ አንገጥመውም። ወደ ውስጥ እንገፋዋለን፤ እስከ ወገቡ። ቤቱ ግማሽ ይሆናል። ሲበዙ፣ ድምፃቸው ሲወፍር፣ ክዳኑን ወደ ኋላ ሳብ እናደርግላቸዋለን። ደግሞ ሲበዙ ደግሞ ሳብ። ሁለት ክንድ ሲሞላ ክዳኑ አፉ ላይ ይደርሳል።»

ቲቸር ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«ጋሼ፣ ታዲያ ጠዋት ሰፊው ይሰጣት፣ ታድግበታለች ያሉኝስ?»

«ሰፊው ይሰጣት አልኩ እንጂ ሁሉም በአንድ ቀን ይሰጣት መች አልኩ?»

እኔ አጎቴን ስለማውቃቸው፣ ይህ መልስ ጠዋት አብሯቸው የነበረ ይሁን ወይም ቡናው ላይ የመጣላቸው ይሁን አላረጋገጥኩም። ግን ነገሩ ልክ ነበር። ቲቸር ሦስት ዓይነት ሳጥን፣ ሁለት ዓይነት ፍሬምና አንድ አኩራፊ አናጢ ይዘው የደረሱበት ቦታ፣ አጎቴ አንድ ክዳን እየሳቡ ይደርሱበታል። ዘመናዊ አናቢዎችም የሚያውቁት ዘዴ ነው፤ ትልቁ ቀፎ ውስጥ ቀጥ ያለ ማካፈያ ጣውላ ያቆሙና ንቡ በበዛ ቁጥር ወደ ጎን ይገፉታል። እንዲያውም አንዱን ትልቅ ቀፎ በጣውላ ለሁለት ወይም ለሦስት ከፍሎ፣ ለየክፍሉ በየአቅጣጫው በር አውጥቶ፣ ብዙ ሙሽሮች ጎን ለጎን ማሳደር ይቻላል። አንዱ ጎን ለአንዱ ሙቀት ያዋጣል። ሠርጉ ካለቀ በኋላ ጣውላው ይነሳል፤ ሳጥኑም ወደ ማር ሥራው ይመለሳል።

በሮቹ ግን መለየት አለባቸው። ከሰማይ የተመለሰች ሙሽራ በር ከተሳሳተች ዕጣዋ ሞት ነው። ንብ ሰማያዊና ቢጫ ለይታ ታያለች፤ ቀይ አይታያትም። ስለዚህ ቲቸር አንዱን በር ሰማያዊ፣ ሌላውን ቢጫ ለመቀባት ወዲያው ወሰኑ። አጎቴ ሳቁ። «እኛ ዘንድ አውራዋ ቤቷን የምታውቀው በጠረኑ ነው» አሉ። ቲቸር «ሁለቱም ነው» አሉ፤ ያን ቀን የተስማሙበት ሁለተኛው ነገር ይህ ነው።

እኔም እዚያ ቁጭ ብዬ የገባኝ አንድ ነገር አለ። ጠባብ ቤት ክፉ አይደለም፤ ሰፊ ቤትም ክፉ አይደለም። ክፉው ቤት፣ ዛሬ በነገ ልክ ተሠርቶ ዛሬውን በብርድ የሚገድል፣ ወይም ዛሬን ብቻ አይቶ ነገ መውጫ የሌለው ነው። ደህናው ቤት ግድግዳው የሚሳብ ነው። ያድጉበታል ማለትም ኃጢአት አይደለም፤ ክዳኑን በየጊዜው እየመጣ የሚስብ ሰው ከተገኘ።

ይህን ትልቅ ሐሳብ ተሸክመን ከቲቸር ጋር ወደ አናጢው ወረድን። አጎቴም ዓይናቸውን ለሐኪም ከማሳየታቸው በፊት አናጢውን ሊያዩት ፈልገው ተከተሉን። ቲቸር ወረቀት ላይ ሥዕል አወጡለት። አንድ ቀፎ፣ ባለ አሥር ፍሬም፣ ልኩ ላንግስትሮዝ፤ አንድ ሚሊ ሜትር ሳይጨመር፣ ሳይቀነስ፣ ከማንም ጋር ሳይታረቅ። ውስጡ ማካፈያ ጣውላ፤ ጣውላው የማይቸነከር፣ ወዲያና ወዲህ የሚገፋ።

አናጢው ሥዕሉን አገላበጠው። እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ ጥቂት ደመረ። ከዚያ ቁጥር ተናገረ። ቲቸር ጮሁ።

«አንተ! ባለፈው ሦስት ሳጥን የሠራህልኝ በዚህ ዋጋ ነው እኮ። አሁን አንድ ሳጥን ነው። ደግሞም አንድ ጣውላ ብቻ ነው የተጨመረው።»

«ልክ ነው ቲቸር» አለ አናጢው፤ እርሳሱን ወደ ጆሮው እየመለሰ። «ግን ግድግዳው የሚንቀሳቀስ ከሆነ ዋጋውም ይንቀሳቀሳል።»